ድስትና ችሎት

በስቶክሆልም የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ ወደዚያ አገር በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀኑን እኩሌታ በቋንቋ ትምህርት ቤት፣ እኩሌታውን ደግሞ በሥራ ፍለጋ ስታሳልፍ ሳለች ጥርሷን ታምማ ወደ ጥርስ ሐኪም ብትሄድ፣ ሐኪሚቱ አፏን አስከፍታ በትንሿ መስተዋት ከተመለከተች በኋላ ፈገግ ብላ «ይህንንስ ላጋ እናደርገዋለን» የሚል ቃል ነገረቻት። ልጅቱ ያንን ግሥ ከመምህሯ የተማረችው በአንድ ትርጓሜ ብቻ፣ ይኸውም «ምግብ መሥራት» በሚለው ስለ ነበረ፣ «ጋሼ፣ ጥርሴን ሊቀቅሉት ነው ብዬ ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር» ብላ በስልክ አጫወተችኝ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ፣ ድስትና ጥርስ በምን ዝምድና በአንድ ግሥ ጥላ ሥር ሊያድሩ ቻሉ እያልሁ መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ።

የስዊድን ሰው «ላጋ ማት» ሲል ምግብ መሥራቱ ነው፤ «ማት» ማለት ምግብ ነውና። ነገር ግን ይኸው ሰው ጫማው ሲቀደድ፣ ብስክሌቱ ሲሰበር፣ የልጁ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲተረተር፣ ጥርሱም ሲቦረቦር፣ ለሁሉም የሚጠራው ግሥ ያው «ላጋ» ነው፤ የተሞላውን ጥርስ እንኳ ከዚሁ ግሥ ባወጡት ስም ይጠሩታል። (አንባቢዬ ለጋ ቅቤ ትዝ ብሎት በዚህ የተዘመዱ እንዳይመስለው፤ የድምፅ መመሳሰልና የዘር አንድነት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የቃላትን ጥንት ከሚመረምሩት ብዙዎቹም የወደቁት በዚሁ ጉድጓድ ነው።)

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብርቅ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን የእህቴ ልጅ ከጥርስ ሐኪሟ ወጥታ ወደ ፍርድ ቤት ብትገባ ኖሮ፣ ያንኑ ድምፅ በዚያም በሰማችው ነበር። ይግባኝ የማይባልበትና የጸና ፍርድ «ላጋ ክራፍት» አገኘ ይባላል፤ ሕጋዊ ኀይል ማለት ነው። የተጠራ ሰው በችሎት ላለመቅረቡ በሕግ የታወቀ ምክንያት ሲኖረው ያ ምክንያት «ላጋ ፎርፋል» ይባላል። በ1827 (የአውሮጳው ነገር ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) የወጣውና በየመንደሩ ተበጣጥሶ የነበረውን የገበሬ ማሳ ወደ አንድ ሰብስቦ፣ ቤቱንም ከመንደሩ አስነሥቶ ወደ ርስቱ መካከል ያሰፈረው ታላቁ የመሬት አዋጅ «ላጋ ሺፍተ» ይባላል፤ የኛ ጆሮ ሽፍታ ቢሰማበትም፣ ትርጓሜው በተቃራኒው «ሕጋዊ ክፍፍል» ነው። እነሆ፣ አንዱ ቃል ማእድ ቤት ይገባል፤ ከጫማ ሠሪው ሱቅ ይቀመጣል፤ ከዳኛው ወንበርም ላይ ይወጣል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ «ላግ» የሚባለው ስም ነው። ላግ በዛሬው ስዊድንኛ ሕግ ማለት ነው፤ የስሙ ሥር ግን ከሕግ በፊት ከነበረ ከአንድ ትሑት አሳብ ይነሣል። የሰሜን አውሮጳ ሕዝቦች ነገርን ማኖርን፣ ማስቀመጥን፣ ማጋደምን በሚናገሩበት ሥር፣ «ተጋደመ» የሚለውን «ሊጋ»፣ «አኖረ» የሚለውን «ሌጋ» ብለው ሲጠሩ፣ በየቦታው የተኖረውን ነገር፣ የተደረበውን፣ የተደረደረውን ደግሞ ላግ አሉት፤ ቀጥሎም አባቶች ለልጆች አኑረውት ያለፉትን፣ ማኅበሩ የሚቆምበትን ድንጋጌ በብዙ ቍጥር በዚሁ ስም ጠሩት። ሕግ ማለት እንግዲህ በእነርሱ አፍ «የተኖረው» ማለት ነበር። እንግሊዞች ዛሬ ሕግን የሚጠሩበት ቃል ከላቲን የወረሱት ሳይሆን፣ በ1000 ዓመት ገደማ ምሥራቃዊ አገራቸውን ከገዙት ከዴንማርክ ሰዎች አፍ የተቀበሉት ይኸው ቃል ነው፤ ሰይፍ ይዞ የመጣ ሕዝብ ሕግ የሚለውን ቃል ትቶ መሄዱ የታሪክ ፌዝ ይመስለኛል።

ከስሙም ግሡ ወጣ። ላጋ ማለት በጥንቱ ነገርን በየቦታው ማኖር፣ ማስተካከል፣ ማዘጋጀት ነው። የተሰበረውን የሚጠግን ሰው ከቦታው የወጣውን ወደ ቦታው ይመልሳልና ላጋ አደረገ ተባለ፤ ወጥ የሚሠራም ሰው ጨውን በጨውነቱ፣ ሥጋን በሥጋነቱ፣ እያንዳንዱን በሰዓቱና በመጠኑ ያኖራልና ላጋ አደረገ ተባለ። ዴንማርኮች «ላቨ»፣ ኖርዌዮች «ላገ» እያሉ በዚሁ ቃል ምግባቸውን ይሠራሉ። ከዚህ ቤተ ሰብ ወጣ ብለው የቆሙት አይስላንዶች ናቸው፤ እነርሱ ምግብ መሥራትን «ኤልዳ» ይሉታል፤ ይህም «እሳት» ከሚለው ስማቸው የወጣ ግሥ ነው። በዚያች በረዶና እሳተ ገሞራ በሚጨቃጨቁባት ደሴት ምግብ ስሙን ከእሳት ሲያገኝ፣ በስዊድን ግን ከሥርዓት ያገኛል።

በስዊድን ማእድ ቤት ውስጥ ሌሎቹ ግሦች አብዛኞቹ እንግዶች መሆናቸውን ስናይ፣ የላጋ ጽናት ይበልጥ ያስደንቃል። ማፍላትን የሚነግረው «ኩካ» የመጣው ሐንዛ በሚባለው የንግድ ማኅበር ዘመን ከሉቤክ ተነሥተው በቪስቢና በስቶክሆልም በሰፈሩት የጀርመን ነጋዴዎች ቋንቋ ሲሆን፣ እነዚያም በፊናቸው ከላቲን የተበደሩት ነው፤ ዛሬ ማእድ ቤት ራሱ «ሾክ» የሚባልበት ስም ከዚያው ወገን ነው። እንግዳው ግሥ በመጣ ጊዜ የአገሩ ልጅ የነበረው «ሹዳ» ከወንበሩ ተነሥቶ ጥግ ያዘ፤ ዛሬ የቀረለት ክፍል በለሆሳስ እሳት ላይ ቀስ ብሎ የሚንተከተከው ብቻ ነው። ከጥንቱ ዘር የቀረው ሌላው፣ «ስቴካ»፣ ሥጋን በሾለ እንጨት ወግቶ በእሳት ከመጥበስ የተወለደ ግሥ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ፈረንሳይኛ ከነድስቱና ከነመረቁ በመኳንንቱ ቤት ገባ፤ «ብሬሴራ» (በጥቂት መረቅ ቀስ አድርጎ እያባበሉ ማብሰል) የመሰሉት የከበሬታ ግሦች የዚያ ዘመን ስጦታ ናቸው።

እኔ በዚህ አላዝንም። እንግዳ ድስቱን ይዞ ሲመጣ የድስቱን ስም ደጅ ላይ ጥሎ አይገባም። በኛም ቤት ቢሆን፣ ግእዝ መጋገርን ይነግርበት የነበረው «ኀበዘ» በአማርኛ ቦታውን ለ«ጋገረ» ለቅቆ ሲወጣ፣ ልጁ «ኅብስት» ግን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ተጠግቶ ቀርቷል። ጠቅላላውን ሥራ፣ ከመክተፍ እስከ ማቅረብ ያለውን ድካም ሁሉ የሚሸፍነው ስም ግን በስዊድን ለእንግዳ አልተሰጠም። ነጋዴው ማፍላትን አምጥቷል፤ መኰንኑ ማባበልን አምጥቷል፤ ምግብን መሥራት የሚባለው ነገር ግን ሕግ ከተወለደበት ማኅፀን የወጣው የላጋ ርስት ሆኖ ቀረ።

ሕጉንም እናስበው። ስዊድኖች ሕጋቸውን በብራና ሳያሰፍሩ በፊት፣ «ላግማን» የሚባል አዋቂ፣ «ቲንግ» በሚባለው የአገር ሸንጎ ላይ ቆሞ ድንጋጌውን በቃሉ ይወጣው ነበር፤ የቆሎ ተማሪ የነበረ አንባቢ ይህ ምን ዓይነት ድካም እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በ1220ዎቹ ገደማ፣ የቬስተርዬትላንድ አውራጃ ሕግ ተጻፈ፤ የስዊድንኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በላቲን ፊደል የሚጀምረውም በዚያ ነው። ስለዚህ የዚያ ቋንቋ የመጽሐፍ በኵር ግጥምም ጸሎትም ሳይሆን ላግ ነው። የኡፕላንድ ሕግም በ1296 ጸደቀ፤ በ1350 ገደማ ደግሞ በንጉሥ ማግኑስ ኤሪክሶን ስም የሚጠራው ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ሕግ ተከተለ።

ከዚሁ ግንድ የበቀለ ሌላ ቅርንጫፍ አለ፤ ስዊድኖችም ለባዕድ ሁሉ እየጠሩ የሚመኩበት ነው፤ «ላጎም» ይባላል። ላጎም ማለት የማይበዛ የማያንስ፣ ልክ ማለት ነው፤ የወጡ ጨው ላጎም ሲሆን ቤቱ ሰላም ነው። ስለዚህ ቃል በየቦታው የሚተረክ ጣፋጭ ታሪክ አለ፤ የጥንት ሰዎች ጠጅ በቀንድ ዋንጫ አዙረው ሲጠጡ፣ ለማኅበረተኛው ሁሉ እንዲዳረስ እያንዳንዱ ልኩን ብቻ ይጐነጭ ነበርና «በማኅበሩ ዙሪያ» ከሚለው ቃል ወጣ ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ሰዋስው ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ ላጎም ላግ የሚለው ስም ጥንታዊ የብዙ ቍጥር ርባታ ሆኖ ይገኛል፤ «እንደ ሥርዓቱ» ማለት ነው። ላስጠነቅቅም የሚገባኝ ሌላ አሳሳች አለ፤ በማእድ ቤት የስኳር ውሃም የጨው ውሃም «ላግ» ይባላል፤ ይህ ግን ከሕጉ ላግ ጋር በድምፅ ብቻ የተገናኘ፣ ጥንቱ ውሃና ባሕር የሆነ ሌላ ስም ነው። ድስት አጠገብ ስለ ተገኘ ብቻ የግሡ አባት አድርጎ የሚሾመው ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ሳቋንና ድንጋጤዋን ከሰማሁ በኋላ ያልኋት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ «ልጄ፣ ያስደነገጠሽ የሰው ቋንቋ ሳይሆን የገዛ ቋንቋሽን መርሳትሽ ነው።» እኛስ ምን እንላለን? ወጥ ሠራች እንላለን፤ ቤት ሠራ እንላለን፤ የቆመ ሰዓት የሚያስነሣውን ሰው ሰዓት ሠሪ እንለዋለን፤ የወርቅ ጥርስ ያስደረገች ሴት ጥርስ አሠራች እንላለን። ሐኪሚቱ አማርኛ አውቃ «ጥርስሽን እንሠራዋለን» ብትላት ኖሮ ማን በደነገጠ ነበር!

በዚህም አያበቃም። «ሠራ» የተባለው ግሣችን የግእዙ «ሠርዐ» ልጅ ነው። ግእዝ «በልዐ» ያለውን አማርኛ «በላ»፣ «ሰምዐ» ያለውን «ሰማ» እንዳለ፣ እንዲሁ የጉሮሮውን ፊደል ውጦ «ሠርዐ» ያለውን «ሠራ» አለው። ሠርዐ ማለት ደግሞ ደነገገ፣ አዘጋጀ፣ በየተራው አኖረ፣ ሕግ አቆመ ማለት ነው፤ ከእርሱም «ሥርዓት» ወጣ፤ ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ሥርዓተ ማኅበር፣ ሥርዓተ መንግሥት ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው፤ ቅዳሴውን የሚመራው ካህንም ሠራዒ ካህን የተባለው በዚሁ ነው። የዐረብኛው ሸሪዓም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። እንግዲህ ከሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለ ሕዝብና በምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ያለ ሕዝብ፣ በደምም በልሳንም ሳይዛመዱ፣ አንዱ ከሌላው አንዲት ቃል ሳይበደር፣ ምግብ የማዘጋጀትን፣ የተሰበረ የመጠገንንና ሕግ የማቆምን ነገር ከአንድ ሥር አወጡት።

አንድ ቃል በውስጡ የያዘውን ሁሉ ተናጋሪው ያስበዋል ብዬ አልከራከርም። የስቶክሆልም ሰው ማታ ድንች ሲቀቅል ስለ ላግማን አያስብም፤ የኛም እናት ሽንኩርት ስትከትፍ ሥርዓተ መንግሥት ትዝ አይላትም። ነገር ግን ቃል የጥንት ሰዎች ፍርድ የተቀመጠበት መዝገብ ነው፤ ፍርዱን የረሳነው እኛ ነን እንጂ መዝገቡ አልተቃጠለም። ያም ፍርድ እንዲህ ይላል፤ ምግብ የሚሠራ ሰው ሥርዓት ያቆማል። በዚህ ላይ የፊደላችን ሊቃውንት ያስተማሩንን ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ወጥ ያለ እሳት ባይበስልም፣ «ሠራ» የሚጻፈው በእሳቱ ሰ አይደለም፤ በንጉሡ ሠ ነው። ሁለቱን ፊደላት ደባልቆ መጻፍ ምን ይጎዳል ለሚሉኝ ወዳጆቼ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሥርዓት ስል የማጋነን የሚመስለው ሰው አንዲት ባለ ሙያ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ከጥግ ቆሞ ይመልከት። ሽንኩርቱ ቅቤም ዘይትም ሳይነካው በደረቁ ድስት ተጥዶ እስኪጠወልግና ውሃውን እስኪጨርስ እየተማሰለ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ቁሌቱ፣ ከቁሌቱ በኋላ በርበሬው፣ እያረረ እንዳይመርም ጠብታ ጠብታ ውሃ፤ ዶሮውም በ12 ብልት ተለይቶ፣ ታጥቦና ታሽቶ በሰዓቱ ይገባል፤ መከለሻው በመጨረሻ ነው፤ ተራውን ያፋለሰ ሰው ወጥ ሳይሆን ሌላ ነገር ያወጣል። አሥራ ሁለቱን ብልት ሳታጓድል ማውጣት የማታውቅ ሙሽራ እንዴት ትታይ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ገና በሕይወት አሉ። ይህ የድንጋጌ ዓይነት ካልሆነ ድንጋጌ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ቅጽ በሚሞላበት ቦታ ሁሉ፣ ማለዳ ተነሥታ እስከ እኩለ ሌሊት ድስት ያላወረደችውን ሴት «ሥራ፦ የላትም» ብሎ መጻፍ ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ ባሏም ሲጠየቅ «አትሠራም፣ ቤት ነው የምትውለው» ይላል፤ ይህንንም የሚለው የሠራችውን በልቶ፣ አፉን በውሃ ተጕመጥሙጦ ነው። በቋንቋችን ውስጥ «ሠራ» ከሚለው ግሥ ጋር ወጥ ምን ያህል የተወዳጀ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው፣ የእናቱን ድካም ብቻ ሳይሆን የገዛ አፉንም ያዋርዳል።

ተማርን የምንለውም ከዚህ አንሻልም። ቅኔውንና ድጓውን የመረመሩ ሊቃውንት ለቃላት ብዙ ደክመውልናል፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ የዐማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. መታተማቸው ለዘላለም የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ከእነርሱ ወዲህ የመጣነው ለችሎትና ለጽሕፈት ቤት ቃል በኮሚቴ ስንሟገት፣ ማቁላላትን፣ ማማሰልን፣ ማመስን፣ መሸክሸክን፣ መፈተግን፣ መለወስን፣ አብሲት መጣልን በየአውራጃው አነጋገር ለይቶ፣ ማን እንዴት እንደሚለው መዝግቦ ለማስቀመጥ የተነሣ ጥቂት ነው፤ የጓዳ ነገር ነውና። ኤሌክትሪክ ምጣድና የታሸገ በርበሬ ሲገቡ ግሡ ከሥራው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ኀበዘ እንደ ወጣ።

በስዊድን የተደረገውን ልንገር። ካይሳ ቫርግ የምትባል የቤት አስተዳዳሪ በ1755 ለወጣት ሴቶች የሚሆን ወፍራም የቤት አያያዝ መጽሐፍ አሳትማ፣ መጽሐፉ ከእርሷ ሞት በኋላ እንኳ ለብዙ ዘመን እየታተመ ቆየ። ያለህን ይዘህ ሥራ የሚል ምክር እስከ ዛሬ በስሟ ይነገራል፤ ምክሩ በመጽሐፏ ውስጥ ባይገኝም ሕዝቡ ከእርሷ በቀር ሊሰጠው የፈቀደው ሰው አልተገኘም። በ1786 ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ያቋቋመው የስዊድን አካዳሚ ደግሞ የቃላትን ታሪክ የሚዘረዝር መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት በ1880ዎቹ ጀምሮ፣ ከፊደሉ መጨረሻ የደረሰው በ2023 ነው፤ 140 ዓመት፣ 39 ቅጽ፣ ከ33,000 ገጽ በላይ። በዚያ መዝገብ የንጉሡ አዋጅ ለግሥ ምስክር ሆኖ እንደሚጠቀስ፣ የካይሳ ቫርግም ድስት ይጠቀሳል።

140 ዓመት ቁጭ ብለን እንጠብቅ ለማለት አይደለም። በዚህ ሳምንት የሚሆን ሥራ አለ። አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካሉ፣ ድስት በጣዱበት ሰዓት ከአጠገባቸው በርጩማ ስበህ ተቀመጥና፣ እጃቸው የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር በምን ግሥ እንደሚጠሩት ጠይቅ፤ ግሡን እነርሱ እንዳሉት፣ ሳታርም፣ ከአገሩ ስም ጋር በወረቀት ጻፍና ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ላክልን። በሠ ወይም በሰ መጻፉን እኛ እንጨነቅበታለን።